በክረምት ውሃ ለሚያስገባና ለሚያፈስ አሮጌ መኪና የምርመራና የጥገና መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ ሃያ ዓመት ያለፈው መኪና የሚነዳ ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ሁለት ዓይነት የውሃ ችግር ይገጥመዋል። ከውጭ የሚዘንበው ወደ ውስጥ ይገባል፣ በሞተሩ ውስጥ መቆየት የነበረበት ደግሞ ወደ ውጭ ይፈስሳል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ በግምት ስለሚጠገኑ ገንዘብ ያስወጣሉ እንጂ አይድኑም። ምንጣፉ ረጠበ ተብሎ የበር ጎሚኒ (የጠርዙ ጎማ ማሸጊያ) ይለወጣል፣ ሞተሩ ሞቀ ተብሎ ራዲያተር ይገዛል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ወይም በሚቀጥለው ዳገት ግን ችግሩ እዚያው ነው። ውሃ የሚታየው በተጠራቀመበት ቦታ ሲሆን፣ የገባበት ወይም የወጣበት ቀዳዳ ከዚያ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቆ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ምክንያት ይህ መመሪያ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ለፍለጋው ነው፤ ቀዳዳው በትክክል ከተገኘ ጥገናው አብዛኛውን ጊዜ ቀላልና ርካሽ ነው።

ውሃው የየትኛው እንደሆነ መለየት

መኪናው ውስጥ ወይም ሥር የተገኘ ውሃ ከሦስት ቦታ በአንዱ የመጣ ነው፤ ከዝናብ ወይም ከላቫጆ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው፣ ወይም ከሞተሩ ማቀዝቀዣ መስመር። ለመለየት በነጭ ሶፍት እርጥበቱን ይንኩ። ቀለምም ሽታም ከሌለው፣ በጣት ሲታሽም እንደ ተራ ውሃ ከሆነ የዝናብ ወይም የአየር ማቀዝቀዣ ውሃ ነው። አረንጓዴ፣ ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ የሚያሟልጭና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። በምላስ መቅመስ ፈጽሞ አይገባም፤ የፈሳሹ ዋና ክፍል የሆነው ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ቢጣፍጥም መርዝ ነው። መሬት ላይ የፈሰሰውንም ልጆችና ውሾች ሳይደርሱበት በአሸዋ ወይም በሰጋቱራ አስመጥጦ ማንሳት ያስፈልጋል፤ ወደ ጣና በሚወርድ ቦይ መልቀቅ ደግሞ ነውር ነው።

ይህ ፈተና እዚህ አካባቢ አንድ ጉድለት አለበት። ብዙ አሮጌ መኪኖች ለዓመታት ተራ ውሃ ብቻ ሲጨመርባቸው ስለኖሩ የሚያፈስሱት ቀለም የለውም፣ ወይም የዝገት ቡናማ ነው። እንዲህ ያለ መኪና ከሆነ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ማለዳ የራዲያተሩንና የተጠባባቂውን ዕቃ የውሃ ልክ ምልክት አድርገው፣ ዝናብ ባልዘነበባቸው ቀናት ይቀንስ እንደሆነ ይከታተሉ። ዝናብ ሳይኖር ምንጣፉ ከረጠበና የራዲያተሩ ውሃ ከቀነሰ ጥርጣሬው የሚያርፈው ከዳሽቦርዱ ሥር ባለችው የማሞቂያ ትንሽ ራዲያተር ላይ ነው። የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል ሲጠረግ ቅባት የሚመስል ጭጋግ የሚለብስ ከሆነም ምልክቱ ተመሳሳይ ነው።

አየር ማቀዝቀዣው ሲሠራ ከመኪናው ሥር ንጹሕ ውሃ ማንጠባጠቡ ጤናማ ነው። የሚያሳስበው ማንጠባጠቡ ሲያቆም ነው፤ የውሃ መውጫ ቱቦው በአቧራ ተደፍኖ ውሃው ወደ ተሳፋሪው እግር ሥር መፍሰስ ጀምሯል ማለት ነውና። ቱቦውን ከሥር በኩል አግኝቶ በለስላሳ የፕላስቲክ ሽቦ መጥረግ በቂ ነው።

የዝናቡን መግቢያ መፈለግ

በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይንቀሉ። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከመቀመጫ ሥርና ከመሪው አካባቢ የሚገኙትን ቢጫ ሶኬቶችም አይንኩ። ከዚያ የበሩን ደፍ ፕላስቲክ አንስተው፣ አስፈላጊ ከሆነም መቀመጫውን ፈትተው ምንጣፉን እስከ ላሜራው ድረስ ይግለጡ። ከላይ እጅ ሲነካው ደረቅ የሚመስል ምንጣፍ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃ እንደጠጣ ለሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ይህን ሳያደርጉ መመርመር ድካም ብቻ ነው። ላሜራውን በጨርቅ ካደረቁ በኋላ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚጻፍበትን ጠመኔ ፈጭተው በጎንና በግርጌ ይነስንሱበት፤ ውሃ ያለፈበት መንገድ በዱቄቱ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል።

ቀጥሎ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጣል፣ ሌላው በውጭ የአትክልት ማጠጫ ቱቦ ይይዛል። ውሃው ያለ ግፊት በቀስታ መፍሰስ አለበት። የላቫጆ ግፊት ጤነኛውንም ጎሚኒ አልፎ ስለሚገባ ያልነበረ ችግር ያሳያል። ዋናው ደንብ ከታች ወደ ላይ መሄድ ነው። ጣሪያው ላይ ቀድሞ የፈሰሰ ውሃ መስታወቱንም በሩንም ስለሚያረጥብ የትኛው እንዳስገባው አይታወቅም፤ ከበሩ ግርጌ ተነሥቶ ለእያንዳንዱ ቦታ አምስት ደቂቃ ያህል እየሰጡ ወደ ላይ ከወጡ ግን ውስጥ ያለው ሰው ጠብታውን ባየበት ቅጽበት ጥፋተኛው ይታወቃል። የኋላ ኮፈን ሲመረመር የኋላ መቀመጫው ይታጠፍና መርማሪው በዚያ በኩል ይመልከት፤ ሰው ኮፈን ውስጥ ዘግቶ መመርመር አደገኛ ነው።

በእኔ ግምት በዚህ ከተማ ቀዳሚው ጥፋተኛ ከፊት መስታወቱ ግርጌ፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ከተተከሉበት ፕላስቲክ ሥር ያለው የላሜራ ቦይ ነው። መንገዶቻችንን ያስጌጡት ጃካራንዳዎች ከክረምቱ በፊት አበባቸውን ያራግፋሉ፣ በበጋ የጠጠር መንገድ ሲመላለስ የከረመ መኪና ደግሞ ቦዩ ውስጥ አቧራ ተሸክሟል። ሁለቱ በመጀመሪያው ዝናብ ተቦክተው በግራና በቀኝ ያሉትን የውሃ መውጫዎች ይደፍናሉ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፣ አብዛኛውም በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ የተደፈነው ቦይ ቶሎ ይሞላል። ሲሞላም ውሃው የንጹሕ አየር ማስገቢያውን አልፎ በማራገቢያው በኩል እግር ሥር ይወርዳል። ማራገቢያው ሲነሣ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ካለ ይህን ይጠርጥሩ።

ለማጽዳት የመጥረጊያዎቹን አቀማመጥ መስታወቱ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርገው ይንቀሏቸው፣ ፕላስቲኩንም ያንሱ። ቆሻሻውን በእጅ ያውጡ እንጂ በውሃ አይግፉት፤ የተገፋው ቅጠል ቱቦው ውስጥ ገብቶ ይቀረቀራል። ከዚያ በጆግ ውሃ ሲያፈሱበት ወዲያውኑ ከፊት ጎማዎቹ ኋላ መውረድ አለበት። በዛፍ ጥላ ሥር የሚቆም መኪና ይህን ጽዳት በየዓመቱ ግንቦት ላይ ቢያገኝ አብዛኛው የክረምት ጣጣ ይቀርለታል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ በሩ ነው። በመስታወቱ ጎን ወደ በሩ ሆድ ውሃ መግባቱ ጉድለት አይደለም፤ መኪናው ሲሠራ ታስቦበት፣ የገባው ውሃ በበሩ ግርጌ ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች እንዲወጣ፣ ወደ ውስጥ እንዳይተላለፍ ደግሞ ከበሩ መሸፈኛ ጀርባ ፕላስቲክ እንዲለጠፍ ተደርጓል። ድምፅ ማጉያ ሲገጠም ወይም የመስታወት ማንሻ ሲጠገን ይህ ፕላስቲክ ይቀደድና ሳይመለስ ይቀራል፤ ባለሙያው ትርፍ ነገር መስሎት ሲጥለውም ይታያል። በሩ ሲዘጋ ውሃ የሚንቦጫረቅ ከሆነ የግርጌ ቀዳዳዎቹን ቀለሙን በማይጭር የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ዘንግ ይክፈቱ። የደፉ ጠርዝ ብቻ የሚረጥብ ከሆነ መሸፈኛውን ፈትተው ፕላስቲኩን ይመልከቱ። የተቀደደ ከሆነ በጠንካራ ፕላስቲክ፣ በአሮጌው ልክ ቆርጠው፣ የማይደርቅ ጥቁር የማጣበቂያ ጥቅልል ዙሪያውን አድርገው ይለጥፉ። የፕላስቲኩ የታችኛው ጫፍ ወደ በሩ ሆድ መግባት አለበት፤ ወደ ውጭ ከቀረ ውሃውን ራሱ ወደ ምንጣፉ ይመራዋል።

የበሩ ጎሚኒ የሚፈተነው በወረቀት ነው። ቁራጭ ወረቀት በበሩና በጎሚኒው መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ይሳቡት። በሁሉም ቦታ ያዝ እያደረገ ከወጣ ጎሚኒው ደህና ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ልቅ ከሆነ በሩ ከማጠፊያው ወርዷል ማለት ስለሆነ ጎሚኒ ከመግዛት በፊት ማጠፊያውንና የመቆለፊያውን መያዣ ማስተካከል ይሻላል። ጎሚኒውን በሳሙናና በውሃ አጥበው ግሊሰሪን ይቀቡት። ግራሶና የሞተር ዘይት ጎማን ያሳብጣሉና አይጠቀሙባቸው።

የፊት መስታወቱ አንድ ጊዜ ተለውጦ ከሆነ ማጣበቂያው ክፍተት ሊኖረው ይችላል። የሳሙና ውሃ ከውጭ በኩል በጠርዙ ላይ ቀብተው ከውስጥ የጎሚስታ አየር ሲነፉበት አረፋ የሚሠራበት ቦታ ቀዳዳው ነው። ጣሪያው ላይ ደግሞ የዕቃ መጫኛው ብሎኖች፣ የአንቴናው ግርጌና በጎንና በጎን ባሉት ቦዮች ውስጥ የተሰነጠቀው የላሜራ መጋጠሚያ ቅብ ይፈተሻሉ። በዚህ በኩል የገባ ውሃ ከጣሪያው ጨርቅ በላይ ተጉዞ በምሰሶው ውስጥ ስለሚወርድ ብዙ ሰው በሩን ይከሳል። በኋላ ኮፈን የተጠባባቂ ጎማው ጉድጓድ ውሃ ከያዘ አስቀድመው የኋላ መብራቶቹን ጎሚኒ፣ ቀጥሎ የኮፈኑን ጎሚኒ ይዩ። ዝናብ ሳይኖር፣ ኩሬ በተሻገሩ ቁጥር ብቻ የሚረጥብ ወለል ግን ከሥር ነው፤ ከወለሉ የጎማ ክዳኖች አንዱ ወድቋል፣ ወይም ላሜራው በዝገት ተበስቷል።

መዝጋትና ማድረቅ

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር መባል አለበት። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሚገዛው፣ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ሲሊኮን በሚደርቅበት ጊዜ የሚያወጣው አሲድ ላሜራን ያዝጋል፤ ከዚያም በላይ ሌላ ማጣበቂያ እንዳይይዝ ያደርጋል። ለመስታወት የመኪና ፖሊዩሬቴን፣ ለላሜራ መጋጠሚያም ለዚሁ የተሠራውን የመኪና ማሸጊያ ይጠቀሙ። አሮጌውን ሳይፍቁ፣ ቦታውን ሳያደርቁ ከላይ መለጠፍ ውሃውን ከማጥመድ አይዘልም፤ ከመስታወቱ ጠርዝ ሥር ዝገት ካለም መስታወቱ በባለሙያ ወጥቶ ዝገቱ መጽዳት አለበት።

ምንጣፉን ከመኪናው ሙሉ በሙሉ አውጥተው ስፖንጁን ጨምቀው ያድርቁ። በክረምት ፀሐይ ብዙውን ጊዜ የምትገኘው ከረፋዱ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ስለሚጠበቅ ጣሪያ ካለው በረንዳ ላይ አንጠልጥሎ ማሳደሩ ይሻላል። ዝገት የታየበትን ወለል በብረት ብሩሽ እስከ ንጹሑ ብረት ፍቀው፣ ጸረ ዝገት ቀብተው፣ ከደረቀ በኋላ ቀለም ይደርቡ። በመዶሻ ጫፍ ቀስ ብለው ሲነኩት የሚሰምጥ ላሜራ ግን ብየዳ ይፈልጋል። ስቱኮ መሙላት የሚያምረው እስከሚቀጥለው ክረምት ብቻ ነው።

ውሃ የነካው ኤሌክትሪክ

ብዙ መኪና ላይ ሽቦዎቹ በደፉ ፕላስቲክ ሥር ስለሚያልፉ የረጠበ ምንጣፍና ያለ ምክንያት የሚበራ መብራት አብረው ይመጣሉ። አረንጓዴ ዝገት የያዘውን ሶኬት በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ አጥበው፣ አድርቀው መልሰው ይግጠሙ። የተቃጠለን ፊውዝ ከፍ ባለ ቁጥር መተካት ወይም በሽቦ ማያያዝ እሳት መጥራት ነው። ዲስትሪቢዩተር (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍል ክፍል) ያላቸው የቆዩ ሞተሮች በእርጥብ ማለዳ አልነሣ ሲሉ ክዳኑን ከውስጥ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክዳኑ ውስጥ እንደ ፀጉር ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ግን ይለወጣል። ባትሪው ደክሟል ከማለት በፊት ነጭ ዱቄት የያዙትን ተርሚናሎች በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ያጽዱና ይለኩ፤ ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ማሳየት አለበት።

የሞተሩ ውሃ

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አንድ ጤነኛ ሞተር ደግሞ ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይሠራል። ስለዚህ እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ 0.9 (የግፊቱ ልክ በባር) የሚል ጽሑፍ ያለው ደህና ክዳን የመፍያውን ነጥብ ወደ 115 ዲግሪ አካባቢ ያደርሰዋል። ግፊት መያዝ ያቃተው ክዳን ባሕር ጠረፍ ላይ ካለ መኪና ይልቅ እዚህ ያለውን ቀድሞ ያፈላል። እንዲያውም ውሃ የሚቀንስ መኪና ሲመጣ መጀመሪያ ክዳኑን ሳያዩ ሌላ ነገር መፍታት ትርፍ ሥራ ነው። ጎሚኒው የተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን በዚያው ቁጥር ይተካ፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው ደግሞ አሮጌ ቱቦዎችን ያፈነዳል።

ክዳኑን የሚከፍቱት ሞተሩ ከጠፋ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ይዘው ሲጨምቁት አሁንም የተወጠረ ከሆነ አይክፈቱ። ለሞቀ ሞተር ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ሊሰነጥቀው ይችላል።

የሚያፈስበትን ለማግኘት ማታ ንጹሕ ካርቶን ከሞተሩ ሥር ዘርግተው የጎማዎቹን ቦታ ምልክት ያድርጉበት፣ ጠዋት ጠብታው ያረፈበትን ከላይ ካለው ክፍል ጋር ያነጻጽሩ። ቱቦዎቹን በቀዝቃዛነታቸው ይጨምቁ፤ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም እንደ ሊጥ የላላ ቱቦ ጊዜው አልፏል። ቱቦውን ከሚያጠብቀው ቀለበት (ፋሸታ) ሥር ነጭ ወይም ቀይ ቅርፊት ካለ ፋሸታውን ከማጥበቅ በፊት ቱቦውን አውጥተው ጫፉን ይዩ። የውሃ ፓምፑ ሲያረጅ ከሥሩ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ይህች ቀዳዳ የተሠራችው ለማስጠንቀቅ ስለሆነ በማጣበቂያ አትደፈንም፣ ፓምፑ ይለወጣል። የፕላስቲክ ራስ ያለው ራዲያተር መጋጠሚያው ላይ ሲሰነጠቅ ማጣበቂያው ቤት ለመድረስ ብቻ ያገለግላል። ራዲያተር ውስጥ እንቁላል ወይም የሚደፍን ዱቄት መጨመርም የማሞቂያዋን ቀጫጭን መስመሮች አብሮ ስለሚደፍን መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ካልሆነ አይመከርም።

ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀውን ክፍል በተመለከተ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር በብዙ ጋራዥ ይሰማል። አልስማማበትም። በብዙ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መስመር አብሮ ይዘጋል፤ እሱ ከሌለ የውሃው ከፊል ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ይገባል፣ ዳገት ላይም ሞተሩ ይሞቃል። በሜዳ ላይ ደግሞ ከልክ በላይ ቀዝቅዞ ነዳጅ ይበላል። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥለው ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር ይቀቅሉት። 82 የሚል ቁጥር ያለው በ82 ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው፤ እዚህ ያለ ድስት ከ94 ስለማያልፍ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ብለው አይጣሉት። በጊዜው መጀመሩንና ሲቀዘቅዝ መዘጋቱን ማየት ይበቃል።

በውጭ ምንም ሳያፈስ ውሃ የሚቀንስ ከሆነ የቴስታታው ጋርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። ምልክቶቹ በራዲያተሩ አፍ የማያቋርጥ አረፋ፣ ከሞቀም በኋላ የማይቆም ነጭ ጭስና ወተት የመሰለ ዘይት ናቸው። ከዘይት መሙያው ክዳን ሥር ብቻ የሚታይ ጥቂት ነጭ ቅባት ግን በእርጥበት ወራት አጭር ጉዞ በሚበዛበት መኪና ላይ የተለመደ ነውና የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳያዩ ቴስታታ አያስወርዱ።

ጥገናው ሲያልቅ መስመሩ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ፣ ግማሹ የራዲያተር ፈሳሽ ግማሹ የተጣራ ውሃ ሆኖ ይሞላ። እዚህ አገር ውሃው በረዶ ይሆናል የሚል ስጋት ባይኖርም ፈሳሹ ዝገትን ይከላከላል። በክረምት ጭቃ የሚቀላቀልበትን የሐይቅ ውሃ ከችግር ቀን በቀር አይጠቀሙ። የተጣራ ውሃ ባትሪ ከሚሸጥበት ይገኛል፤ ጎን ለጎን የሚሸጠው የባትሪ አሲድ እንዳይሰጥዎ ጽሑፉን ያንብቡ። አየር እንዲወጣ የመኪናውን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁመው፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍተው፣ ክዳኑ ተከፍቶ ሞተሩ በዝግታ ይሥራ፤ አረፋው ቆሞ የላይኛው ቱቦ ሲሞቅ ጎደሎውን ሞልተው ይዝጉ።

ረጅም ጉዞ ከማሰብ በፊት ከተማው አጠገብ ወዳለው ቤዛዊት ኮረብታ ወጥቶ መመለስ ጥሩ ፈተና ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለ እረፍት ይጋፈጣል፤ ቤዛዊት ላይ የሙቀት ጠቋሚው ከመሃል ከፍ ያለበት መኪና ያንን አይወጣም። ዳገት ላይ መሞቅ ከጀመረ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፍተው ማሞቂያውን ይክፈቱ፣ ጠቋሚው ካልወረደ ዳር ይዘው ይቁሙ። ከፈተናው ተመልሰው መኪናው ካደረ በኋላ የውሃውን ልክ ይዩ፤ አየር ወጥቶ ጥቂት መቀነሱ የሚጠበቅ ስለሆነ ሞልተው በማግስቱ በድጋሚ ይመልከቱ፣ ያኔም ከቀነሰ ፍለጋው ከክዳኑ እንደገና ይጀመራል።